የሐይቅን ቆሮሶ ቀይ የሚያደርገው ማነው?

አንዳንድ ካሜራ ላይ «ውሃ ውስጥ» የሚል ምርጫ አለ። እሱን ከነካን ሥራው ያለቀ ይመስለናል። እኔ ግን ለሐይቅ አይሆንም ባይ ነኝ። ምርጫው በአብዛኛው የታሰበው ለሰማያዊ ባሕር ነው፤ ውሃ ቀዩን ብርሃን አስቀድሞ ስለሚውጥ ካሜራው ቀይ ይጨምራል። አልጌ የበዛበት ውሃ ግን ሰማያዊውንም ይውጣል፤ የሚተርፈው አረንጓዴ ነው። በዚያ ላይ ቀይ ብቻ ሲጨመር ሁሉ ነገር ቢጫ ቢጤ ይሆናል።

የአምባሰልን ተራራ ስናነሳ ቀለሙ ትንሽ ቢሳሳት ማንም አይጎዳም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቁ የገባው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ግን ሌላ ነገር ነው። ወንዱ በመራቢያው ጊዜ ቀላ ይላል። ታዲያ ቅላቱ የዓሣው ይሁን የካሜራው በምን እንለያለን? ፎቶው ለግድግዳ ከሆነ ይሁን፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ማስረጃ ከሆነ ግን ጨዋታ አይደለም።

ነጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ ይበቃል። ዓሣው ባለበት ጥልቀት ሰሌዳውን አንስቶ ዋይት ባላንሱን በእሱ ማስተካከል፣ ጥልቀቱ ሲለወጥ መድገም ነው። ቀዩ ጨርሶ ከጠፋበት በታች ግን ሰሌዳም አያድንም፤ እዚያ መብራት ይዞ መውረድ ነው። መምህራኖቻችንም የዓሣ ፎቶ ስናስረክብ «የሰሌዳውስ የታለ?» ብለው ቢጠይቁን ደስ ይለኛል።