እንጀራ አባት

በክረምት ማታ በረግረግ አጠገብ ያለፈ ሰው የእንቁራሪቶችን ጩኸት ያውቀዋል። የሚጮኸው በአብዛኛው ወንዱ ነው፤ ሴት ፍለጋ። ሴቷ እንቁላሏን ውኃ ውስጥ ስትጥል ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ዘሩን ያፈስበታል። በአውሮፓ ተራሮች በሚኖር አንድ የእንቁራሪት ዝርያ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ደግሞ አስገራሚ ነገር አሳይቷል። ጥንዶቹ ከጨረሱ በኋላ ሌሎች ወንዶች መጥተው የተጣለውን እንቁላል ያቅፉታል፤ የመጀመሪያው ወንድ ያላዳረሰውንም የራሳቸው ያደርጉታል። ከእንቁላል ክምሮቹ 84 በመቶው እንዲህ ተጎብኝተው ነበር። ከዚያ ሁሉም መንገዱን ይሄዳል። ወላጅ እንጂ አሳዳጊ የለም።

መካነ ሰላም አካባቢ፣ ቀድሞ ደንቆሮ ጫካ ይባል በነበረው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ፣ ከዚህ የተለየ አባት ይኖራል፤ ቀይ ቀበሮ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ በአገሪቱ የቀረውም 500 ገደማ ብቻ ነው። ስለ ቤተሰብ ኑሮው በይበልጥ የተጠናው በባሌ ተራሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት፣ አጥኚዎቹ ካዩት ግንኙነት 70 በመቶ ያህሉ ሴቷ ከሌላ መንጋ ወንድ ጋር ያደረገችው ነበር። ወንዶቹ ተወልደው ባደጉበት መንጋ ስለሚቀሩ፣ ወደ ውጭ መመልከቷ ከሥጋ ዘመድ ከመውለድ ይጠብቃታል። በኋላ የተደረገ የዲኤንኤ ምርመራም ከቡችሎቹ አንዳንዶቹ አባታቸው ከሌላ መንጋ መሆኑን አረጋግጧል።

ቡችሎቹ ሲወለዱ ግን የመንጋው ወንዶች «የማን ልጅ ነው?» አይሉም። ጉድጓዱን ይጠብቃሉ፤ አይጥ አድነው ይመለሳሉ፤ የዋጡትን አውጥተው ያበላሉ።

አማርኛ እንዲህ ላለው ሰው ስም አለው፤ እንጀራ አባት። በእኔ ሙያ፣ በማርኬቲንግ፣ ጥሩ ስም ትልቅ ሀብት ነው። ይህ ስም እንጀራን ያህል ነገር ይዞ ሳለ፣ እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንጠራው ለማሳነስ ነው።

ቀበሮው ምናልባት የማንን ልጅ እንደሚያበላ አያውቅም። እንጀራ አባት ያውቃል። አውቆ ነው የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፍለው፣ አውቆ ነው ሌሊት ተነስቶ የልጁን ትኩሳት የሚለካው። ስለዚህ ልጁ አጠገቡ ቆሞ እየሰማ «እውነተኛ አባቱ ነዎት?» ብለን ባንጠይቅስ?