ለትንሿ ውሻ ቤት ስንፈልግ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሰሞኑን ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጊዱ በረንዳ፣ ማታ ደግሞ በየዶርሙ አንድ ክርክር ደርቷል። «የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ በውሻ ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገው?» የሚሉ አሉ። «ምስኪን ፍጡር ናት፤ እኛው ጋ ትደር» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ሐዲስ ይጠቅሳሉ፤ የሁለቱም ሐዲስ ትክክለኛ ነው። ክርክሩ ያልተቋጨው አንዱ የአንዱን ግማሽ ስለማይሰማ ነው ብለን እናምናለን።

ጉዳዩን ላልሰማችሁ እናሳጥረው። ከተማሪዎች ካፌ ጀርባ፣ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ አንዲት ትንሽ ነጭ ውሻ ከርማለች። ሰዉ «የፈረንጅ ውሻ» የሚለው ዓይነት ናት፤ ጸጉሯ ረጅም፣ ቁመቷ ከጉልበት በታች። ስሟን እንደሚጠብቅ ሰው ቀና ብላ ማየቷ ቤት ውስጥ ማደጓን ያሳብቃል። ጸጉሯ ተጠቅልሎ ገመድ ሆኗል። የግቢው ጥበቃዎች በማማቸው ሥር ካርቶን አንጥፈውላታል፤ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችም አይተዋታል። ነገር ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ግቢው ለክረምት ይዘጋል። ካፌው ሲዘጋ ትርፍራፊው ይቀራል፤ ማታ ማታ ጅብ እስከ ዶርም በር እንደሚመጣ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

አቋማችን ይህ ነው፦ ውሻዋን ከሞት ማትረፍ ከእኛ የሚጠበቅ ነው፤ ዶርም ማስገባት አይጠበቅብንም። የሚጠበቅብን ለእሷ የሚስማማ ቤት መፈለግ ነው፤ ይህ ደግሞ ዕውቀትና ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ከመድረሳ የተማርነው

አብዛኞቻችን ከፈጅር በኋላ መድረሳ ቀርተን፣ ደብተር ቀይረን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የሮጥን ልጆች ነን። የውሻን ነገር ከሁለቱም ቦታ ሰምተናል። ኡስታዞቻችን በጥም ምላሱን አውጥቶ እርጥብ አፈር ይልስ ለነበረ ውሻ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውኃ ስላወጣው ሰው ነግረውናል። አላህ (ሱ.ወ) ሥራውን ተቀብሎ ማረው። ሶሓቦቹ ለእንስሳትም አጅር ይኖረን ይሆን ብለው ሲጠይቁ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ላለው ሁሉ በሚደረግ በጎ ነገር አጅር እንዳለ መለሱ። ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴትም ተምረናል፤ በዚያች ድመት ምክንያት እሳት ገባች። በሱረቱል ከህፍ ደግሞ የዋሻው ወጣቶች ውሻ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደጃፉ ላይ እንደተኛ ተጠቅሷል።

እነዚሁ ኡስታዞቻችን ሌላውንም ግማሽ አስተምረውናል። ለአደን፣ ለከብት ጥበቃ ወይም ለእርሻ ካልሆነ በቀር ውሻ የሚያኖር ሰው በየቀኑ ከአጅሩ ቂራጥ ይጎድልበታል። ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር። መላእክት ውሻ ያለበት ቤት እንደማይገቡም በሐዲስ መጥቷል። በሻፊዒይ መዝሀብ ውሻ ሙሉ በሙሉ ነጃሳ ነው። በሐነፊይ ምራቁ ነጃሳ ሲሆን ጸጉሩ በሚበልጠው አቋም ንጹሕ ነው። በማሊኪይ ደግሞ በሕይወት ያለ ውሻ ንጹሕ ነው፤ ዕቃውን ማጠቡ ትእዛዝን ለመፈጸም ነው። ኢማም አን-ነወዊይ ለቤት ጥበቃ ውሻ ማኖርን በሐዲሱ በተጠቀሱት ላይ በመመሥረት የፈቀደውን አቋም አበልጠዋል። ለጌጥና ለመዝናኛ ማኖርን ግን አብዛኞቹ ዑለሞች አልፈቀዱም። አንዲት ትንሽ ነጭ ውሻ ከብት እንደማትጠብቅ ደግሞ የታወቀ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሐዲሱ ዕቃውን እጠቡ አለን፤ ውሻውን ውገሩ አላለንም። ነጃሳ ማለት ጠሃራችንን የሚመለከት ሕግ ነው፤ የተነጀሰ ነገር ይታጠባል፣ ያልፋል። የፍጡሩን ስቃይ ግን ሐላል አያደርገውም። ውሻን መንካት ውዱእ እንደማያፈርስም እናስታውስ። በሻፊዒይ መዝሀብም ቢሆን ደረቅ እጅ ደረቅ ጸጉር ቢነካ ነጃሳው አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው ከሁለቱ አንዱ እርጥብ ሲሆን ነው። ስለዚህ ውኃ ማቅረብ፣ በጓንት ማንሳት፣ ለዚሁ ሥራ የተለየ ልብስ መልበስ ከሶላታችን ጋር አይጋጭም።

ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በሐረር የጁገል ግንብ ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ በዓሹራም ለጅብ ገንፎ የማቅረብ ልማድ አለ። ሐረሪው ጅቡን ሳሎኑ አላስገባውም፤ መግቢያም አልከለከለውም፤ ድርሻውን ከነቦታው ሰጠው። ብዙዎቻችን በተወለድንበት ገጠርም ውሻው በረት አጠገብ ያድራል፣ ድርሻውን ይበላል፣ ምንጣፍ ላይ አይወጣም። እዝነትና ወሰን አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ አባቶቻችን ሲኖሩት ያየነው ነገር ነው።

ትንሽ ውሻ ምን ዓይነት ቤት ይስማማታል?

እኛ ምህንድስና የምንማር ተማሪዎች ድልድይ ከመሥራታችን በፊት የሚሸከመውን ጭነት እናሰላለን። ለሕይወት ያለው ፍጡር ቤት ስንመርጥማ ስሌቱ ይብሳል። «ግቢ ያለው ሰው ይውሰዳት» ማለት ብቻ አይበቃም።

መጀመሪያ ብርድ። የትንሽ እንስሳ የገላ ስፋት ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ትልቁ የሰፈር ውሻ ደጅ የሚያድርበትን የክረምት ሌሊት እሷ አትችለውም። ዝናብና ነፋስ የማያገኘው፣ ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ ማደሪያ ያስፈልጋታል። ጸጉሯም እያደገ የሚሄድ ዓይነት ነው፤ ካልተበጠረና ካልተቆረጠ ይቋጠራል፣ ቆዳዋን ይጎትታል፣ ከሥሩ ቁስል ይደብቃል።

ቀጥሎ ምግብ። በአገራችን ውሻ የሚበላው ከገበታ የተረፈውን ነው። ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ፤ ትልቁን ውሻ ምንም ያላደረገው መጠን ትንሿን ሊያሳምማት ይችላል። ቸኮሌትና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ናቸው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። የሚወስዳት ሰው ለእሷ ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ሩዝና ጥቂት ሥጋ ለማዘጋጀት ፈቃደኛ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ጎረቤት ነው። ግቢው ውስጥ ታስሮ የሚውል ትልቅ የጥበቃ ውሻ ካለ አንድ ቀን ሰንሰለቱ ሲበጠስ ነገሩ ያበቃል። ነፍስ ያላወቁ ሕፃናት ባሉበት ቤትም ችግር አለ፤ ሕፃኑ እንደ አሻንጉሊት ያነሳታል፣ ትወድቃለች ወይም ፈርታ ትነክሳለች። አራተኛው ጊዜ ነው። ትንንሽ ዝርያዎች 12 እና 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ሰው ቤት ያደገች ውሻ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ተዘግቶባት ስትውል ትጮኻለች፣ ትታወካለች፤ ቤት የሚውል ሰው ያስፈልጋል።

የእብድ ውሻ በሽታ ነገር

እዝነት ጥንቃቄን አይሽርም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ በሽታው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። የመከላከያው መንገድም የታወቀ ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተቡ ስርጭቱ ይቆማል። ስለዚህ ይህችን ውሻ ማስከተብ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለጥበቃዎቹ፣ ለካፌ ሠራተኞቹና ለእኛም ነው።

ቫይረሱ ሳይታወቅ ሳምንታትና ወራት ሊቆይ ስለሚችል ተከተበች ብለን መዘናጋት አይገባም። የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠበው፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ። «የባህል መድኃኒት አለ» ብሎ ቀን ማሳለፍ ነፍስን ለሞት መስጠት ነው።

ለማን እንስጣት?

እስካሁን ሦስት ጠያቂዎች መጥተዋል። አንዱ የአንደኛ ዓመት ወንድማችን ነው፤ ዶርም ደብቄ አሳድራታለሁ ይላል። ልቡ መልካም ነው፤ አላህ ይቀበለው። ነገር ግን በዚያ ክፍል ስድስት ሰው ይተኛል፣ ይሰግዳል፣ ይበላል። የክፍል ጓደኞቹን ጠሃራ ሳያስፈቅዳቸው ማጥበብ በደል ነው። ለእሷም ቢሆን አልጋ ሥር ተደብቆ መኖር ኑሮ አይደለም።

ሁለተኛው ከከተማ የመጣ ሰው ነው፤ ጥሩ ብር እከፍላለሁ ብሏል። የሚፈልጋት አስወልዶ ቡችሎቿን ለመሸጥ ነው። ይህ ለጀመዓችን ሁለት ጊዜ አይሆንም። የውሻ ዋጋ መቀበልን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል፤ በመዝሀባችንም ውሻ መሸጥ ውድቅ ነው። በዚያ ላይ ገና ያላገገመችን ውሻ ለወሊድ መስጠት ከአንድ መከራ ወደ ሌላ ማሸጋገር ነው።

ሦስተኛዋ ከኋላ በር ፊት ለፊት ቡና የሚያፈሉት እናት ናቸው። ግቢያቸው የታጠረ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላሉ፣ ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል፣ ሌላ ውሻ የላቸውም። ክርስቲያን ናቸው። «ለምን ለሙስሊም ቤት አንሰጥም?» የሚል ጥያቄ ተነስቷል። እኛ ግን ነገሩን በተቃራኒው እናየዋለን። ለሙስሊም ቤት ብንሰጣት ለወንድማችን የቂራጥ ጣጣ፣ በየዕለቱ የልብስና የምንጣፍ ጥርጣሬ ሰጥተነዋል ማለት ነው፤ ጥርጣሬው ሲሰለቸው ደጅ ያወጣታል። እሳቸው ቤት ይህ ጭንቀት የለም። ለጎረቤት በጎ መሆንም ዲናችን ያዘዘን ነው፤ ጎረቤቱ ማንም ይሁን ማን። እኛ ያለንበት ወሰን እሳቸው ዘንድ ስለሌለ አማናውን ለእሳቸው መስጠት ለውሻዋም ለእኛም ይበጃል።

ገንዘቡ ከየት?

ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፦ «የመጓጓዣ አጥቶ በዒድ ቤቱ የማይሄድ ወንድም እያለን ለውሻ እናዋጣለን?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ግልጽ መሆን አለበት። ከዘካ አንዲት ሳንቲም አትነካም። የዘካ ባለመብቶች በሱረቱት ተውባ ስምንት ሆነው ተዘርዝረዋል፤ ለችግረኛ ተማሪዎች የምንሰበስበውም ለእነሱው ብቻ ነው። ለክትባቱና ለጸጉር መቁረጡ የሚያስፈልገው በፈቃደኞች ሰደቃ ይሸፈናል፤ ያልፈለገ አይጠየቅም። ለሰው የምናደርገውን ሳንቀንስ የምናደርገው ከሆነ ግን ማንን ይጎዳል? የሰው ረሃብ የሚያሳስበው ወንድም ለወንድሞቹ የሚሰጠውን ይጨምር፤ አብረነው እንጨምራለን።

ስለዚህ ለጀመዓው አመራር የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከፈቃደኞች አራት ሰዎች ይመደቡ፤ ቢቻል ሁለቱ ከእንስሳት ሕክምና ክፍል፣ ሙስሊም ባይሆኑም ችግር የለውም። ግቢው ከመዘጋቱ በፊት ትከተብ፣ ጸጉሯ ይቆረጥ። እናታችን ቤት ሄደን ማደሪያዋን በእጃችን እንሥራላቸው፤ ጣውላና ቆርቆሮ ማገጣጠም የማይችል የምህንድስና ተማሪ መቼም አይኖርም። ስለ ሽንኩርቱም እንንገራቸው። መስከረም ስንመለስ ሄደን እንይ። ካልተመቻቸው ወይም ካልተመቻት ሌላ ቤት የመፈለጉ ኃላፊነት የእኛው ይሁን፤ አማና ተሰጥቶ የሚረሳ ነገር አይደለም።

በፊቅሁ ዝርዝር ላይ የተለየ አቋም ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ኡስታዞቻችንን ጠይቃችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ሦስቱ ሳምንታት ግን ክርክራችንን አይጠብቁም።

አላህ (ሱ.ወ) ለፍጡራኑ ከሚያዝኑት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።