"አፕቲትዩድ አይጠናም" ያለው ማነው?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ያው የተለመዱት ናቸው። "ስደውልላት ታነሳለች፣ እሷ ግን አትደውልም፤ ምን ማለቷ ነው?" ዓይነት። የፍቅሩ ጉዳይ ለሚቀጥለው ይቆየን። ለዛሬ የመረጥኩት የአንዲት ልጅ ደብዳቤ ነው። ስሟንም ሰፈሯንም አልጠቅስም።

ልጅቷ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስዳ 50 በመቶ ሳትሞላ ቀርታለች። አሁን በግል ተመዝግባ ልትፈተን ነው። ወጪዋን የሚሸፍነው ሚኒባስ የሚነዳ ታላቅ ወንድሟ ነው። "ሂሳቡም ባዮሎጂውም ሳጠናው ይገባኛል" ትላለች። "አፕቲትዩድ ግን ብሠራው ብሠራው ያው ነው። ሦስት ጥራዝ ጥያቄ ከዳር እስከ ዳር ጨርሻለሁ። ጥያቄውን ሳየው መልሱ 'ለ' እንደሆነ ትዝ ይለኛል፤ ለምን 'ለ' እንደሆነ ግን አላውቅም። ወንድሜ 'እሱ የተፈጥሮ ነው፣ ጭንቅላት ያለው ይሠራዋል፣ የሌለው አይሠራውም፤ ገንዘቤን አትጨርሺ' ይለኛል። እውነት ጭንቅላት የለኝም ማለት ነው?"

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100ው 3 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም.ም እንደዚያው። በ2016 ዓ.ም. ትንሽ ከፍ ብሎ 5 ደረሰ። እና ከ100 ልጅ 95ቱ ጭንቅላት የለውም ልንል ነው? ይሄንን የሚል ሰው ካለ እሱ ራሱ ይመርመር!

ወንድምሽ ግን ዝም ብሎ አልተናገረም። "አፕቲትዩድ" የሚለው ቃል ራሱ "ተሰጥኦ" እንደማለት ስለሆነ ነው። ቃሉን ያስለመዱት አሜሪካኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1926 "ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ ቴስት" ብለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ጀመሩ። በኋላ ግን እነሱው "አፕቲትዩድ" የሚለውን ቃል በ1990ዎቹ ከፈተናው ስም አወጡት። ፈተናው ተሰጥኦን ይለካል ወይስ የተማሩትን የሚለው ክርክር ስላላባራ ነው። ባለቤቶቹ የተዉትን ስም ይዘን እኛ እህታችንን "ተፈጥሮሽ ነው" ብንላት ደስ አይልም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? እንደኔ እንደኔ የአፕቲትዩድ ጥያቄ የሚያወላግደን ሰው ሲያወራ የምንሰማበትን ጆሮ ይዘን ስለምንገባ ነው።

ይሄን በፍቅር ነገር ላስረዳ። ጓደኛሽ "ካልዘነበ እመጣለሁ" አለሽ እንበል። ምን ሰማሽ? "ከዘነበ አልመጣም" የሚለውን ሰማሽ አይደል? ልጁ ግን እንደዚያ አላለም። ስለ ዝናቡ ቀን አንድም ቃል አልተነፈሰም። ዝናብ እያወረደው ጃንጥላ ይዞ ከች ቢል "ዋሸኸኝ" ልትዪው ትችያለሽ? አትችዪም። በኑሮ ግን ያላለውን መስማትሽ ትክክል ነው፤ ሰው የሚግባባው በዚህ ነው። ፈተናው ላይ ደግሞ ያላለውን መስማት ነጥብ ያስጥላል። ሁለቱ ጆሮዎች የተለያዩ ናቸው።

"አንዳንድ" የሚለውን ቃል እዩት። እናታችሁ "ጓደኞችህ አለፉ ወይ?" ብለው ቢጠይቋችሁና ሁሉም አልፈው ሳለ "አንዳንዶቹ አልፈዋል" ብትሉ ዋሽታችኋል። ፈተና ላይ ግን "አንዳንድ" ማለት "ቢያንስ አንድ" ማለት ነው፤ ሁሉም ቢሆኑም ቃሉ አይፈርስም። በዚህች በአንዷ ቃል ስንቱ ይወድቃል መሰላችሁ!

"ብቻ" ደግሞ አለች። "አድሚሽን ካርድ የያዘ ብቻ ወደ ፈተና ክፍል ይገባል" ሲባል ካርድ የያዘ ሁሉ ይገባል ማለት ነው? ካርዱን ይዞ ሞባይል ኪሱ ውስጥ የረሳውን ልጅ ጠይቁት። ካርድ የሌለው አይገባም ተባለ እንጂ ያለው ሁሉ ይገባል አልተባለም። በእንግሊዝኛው "ኢፍ" እና "ኦንሊ ኢፍ" የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። "አንለስ" የሚለውን ደግሞ "ካልሆነ በስተቀር" ብላችሁ ወደ አማርኛ መልሱት፤ ያኔ ይታያችኋል። በአማርኛ ማሰብ ነውር የለውም። ፈተናው መልሳችሁን እንጂ በምን ቋንቋ እንዳሰባችሁ አያይም።

አሁን ወደ አንድ ደስ የሚል ሙከራ ልውሰዳችሁ። ፒተር ዌሰን የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው ነው። ጠረጴዛ ላይ አራት ካርዶች አሉ። ከላይ የሚታየው "ኢ"፣ "ኬ"፣ 4 እና 7 ነው። እያንዳንዱ ካርድ በአንድ ወገኑ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በሌላው ወገኑ ቁጥር አለው። "በአንዱ ወገን አናባቢ ፊደል ካለ በሌላው ወገን ለ2 የሚካፈል ቁጥር አለ" ተብሏል። ይህ እውነት መሆኑን ለማጣራት የግድ መገልበጥ ያለባችሁ የትኞቹን ነው?

ቆይ፣ ቶሎ አትለፉ። አስቡት።

"ኢ" እና 4 ካላችሁ ከብዙኃኑ ጋር ናችሁ። መልሱ ግን "ኢ" እና 7 ነው። ከ4 ጀርባ ማንኛውም ፊደል ቢኖር ሕጉ አይፈርስም፤ ከ7 ጀርባ አናባቢ ከተገኘ ግን ፈረሰ። ዌሰን የሞከራቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ በትክክል የመለሱት ከ10 አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ግሮሰሪ እንግባ። እዚህ አገር በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። እናንተ ተቆጣጣሪ ናችሁ። አንዱ ቢራ ይዟል፣ አንዱ ለስላሳ ይዟል፣ አንዱ የ30 ዓመት ሰው ነው፣ አንዱ የ17 ዓመት ልጅ ነው። የሁለቱን መጠጥ እንጂ ዕድሜ አታውቁም፤ የሌሎቹን ሁለት ዕድሜ እንጂ መጠጥ አታውቁም። ማንን ትጠይቃላችሁ? ባለቢራውን "መታወቂያ!" የ17 ዓመቱን ልጅ "ምን እየጠጣህ ነው?" ለስላሳ የያዘውንና የ30 ዓመቱን ጎልማሳ ማን ይነካቸዋል? እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ውስጥ ጥያቄው በእንዲህ ዓይነት መልክ ሲቀርብ ከ4 ተማሪ 3ቱ ያህል መልሰውታል።

ልብ በሉ፣ ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው! ቢራው "ኢ" ነው፣ የ17 ዓመቱ ልጅ 7 ነው። ጭንቅላቱም ያው ጭንቅላት ነው። የተቀየረው ልብሱ ብቻ ነው። እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ መጀመሪያ በካርዱ፣ ቀጥሎ በግሮሰሪው አድርገሽ ለወንድምሽ አቅርቢለት። ከዚያ ስለ ተፈጥሮ እንነጋገራለን።

ከዚህ የምትወስዱት ዘዴ ይሄ ነው። ጥያቄው በፊደልና በማይታወቅ ቃል ሲመጣ በምታውቁት ነገር ተኩት። "ሁሉም ቢ ሲ ነው" ካለ "ሁሉም ሚኒባስ መኪና ነው" በሉት። ሁሉም መኪና ሚኒባስ እንዳልሆነ ወዲያው ይታያችኋል። በምታውቁት ነገር ሲመጣ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ እውቀታችሁ ራሱ ያሳስታችኋል። ለምሳሌ፣ "ሁሉም አበባ ይጠወልጋል። ጽጌረዳ ይጠወልጋል። ስለዚህ ጽጌረዳ አበባ ነው።" ትክክል ይመስላል፣ ምክንያቱም ጽጌረዳ በእርግጥ አበባ ነው። እስቲ ልብሱን ቀይሩት፦ "ሁሉም ዶሮ እህል ይበላል። የቤት አከራያችን እህል ይበላሉ። ስለዚህ አከራያችን ዶሮ ናቸው።" (የቤት ኪራይ ጨምረውባችሁ ከሆነ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ግን አይደሉም።) መደምደሚያው እውነት መሆኑ አይበቃም፤ ከተሰጡት መነሻዎች መውጣት አለበት። የተጠየቃችሁት እሱን ነው።

ሌላው ዘዴ ክብ መሳል ነው። "ሁሉም" ሲል ትንሹን ክብ ትልቁ ውስጥ ትከታላችሁ፣ "አንዳንድ" ሲል ሁለት ክቦችን ታነካካላችሁ፣ "ምንም" ሲል ታለያያላችሁ። ኦይለር የሚባለው ስዊዘርላንዳዊ የሂሳብ ሊቅ በ1760ዎቹ መጀመሪያ ለአንዲት የጀርመን ልዕልት ሎጂክ ሲያስተምራት እነዚህን ክቦች እየሳለ ደብዳቤ ይጽፍላት ነበር። ደብዳቤ እየመለሱ ማስተማር የኛ ብቻ ሥራ አይደለም ለማለት ያህል ነው!

ስለ ቃላት ዝምድና በአጭሩ ልበል። "መርፌ፦ ልብስ ሰፊ" ተብሎ ተመሳሳዩን አምጡ ቢባል፣ ምርጫው "ሀ. ወንበር፦ አናጢ፣ ለ. መጋዝ፦ አናጢ፣ ሐ. አናጢ፦ መዶሻ፣ መ. ክር፦ ሸማ" ነው እንበል። ምርጫዎቹን ከማየታችሁ በፊት ዝምድናውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩት። "መርፌ ልብስ ሰፊ የሚሠራበት መሣሪያ ነው።" ወንበር የተሠራ ዕቃ ነው፣ ወደቀ። "ሐ" ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፣ ወደቀ። ክር ሸማ የሚሠራበት መሣሪያ ሳይሆን ሸማው የሚሠራበት ድር ነው፣ ወደቀ። የቃሉን ትርጉም ባለማወቅ መውደቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የእንግሊዝኛው ክፍል ብዙ ማንበብ ይፈልጋል፤ አቋራጭ አላውቅለትም።

አሁን ወደ ሦስቱ ጥራዞች። እህቴ፣ ጥያቄዎቹን ቆጥረሻቸዋል እንጂ አልተለማመድሻቸውም። "ለ" መሆኑን ማስታወስ የስልክ ቁጥር እንደማስታወስ ነው፤ ፈተናው ላይ ያ ቁጥር አይደወልም። አራተኛ ጥራዝ እንዳትገዢ። ወንድምሽ ቢያንስ በዚህ ደስ ይበለው። በቀን 10 ጥያቄ ይበቃሻል። መልሱን ሸፍኚ። እያንዳንዱን ከሠራሽ በኋላ ደብተር ላይ በገዛ ቋንቋሽ "መልሱ ይሄ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፣ የቀሩት ሦስቱ የወደቁት በዚህ በዚህ ነው" ብለሽ ጻፊ። የተሳሳትሽውን ብቻ ሳይሆን ገምተሽ ያገኘሽውንም። ገምቶ ማግኘት ከመሳሳት የባሰ ነው፣ የተማርሽ ያስመስልሻል። ከሳምንት በኋላ ተመልሰሽ ያለ ደብተሩ ሥሪያቸው። ምክንያቱን መናገር ካቃተሽ ገና ነው።

የጥናት ጓደኛ ካለሽ ደግሞ እንደ ድሮ ሙግት "በልሃ ልበልሃ" ተባባሉ። አንዳችሁ "መልሱ ሐ ነው" ብላችሁ ቁሙ፣ ሌላኛችሁ አፍርሱት። አንዳንዴ የጥራዙ መልስ ራሱ ስህተት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያን ቀን ሻይ ጠጡበት፤ መልስ ከማመን ወደ ምክንያት መጠየቅ ተሻግራችኋል ማለት ነው። ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ከተገኙ ከጥራዝ ይሻላሉ። ቴሌግራም ላይ "የዘንድሮን መልስ እንሸጣለን" የሚሉትን ግን አደራ! ገንዘባችሁም ተስፋችሁም አብሮ ይሄዳል።

ሰዓት መያዝ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ምክንያት መስጠት ሳይለምዱ ሰዓት መያዝ በፍጥነት መሳሳትን መለማመድ ነው። ከፈተናው በፊት ባሉት ሁለት ወራት ሰዓት ያዢ፤ ያቃተሽን ምልክት አድርገሽ እለፊና ተመለሺ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀነስ እንደሆነ ደግሞ መመሪያው ላይ አንብቢ፤ በዚያ መሠረት መገመቱ ያዋጣ አያዋጣ እንደሆነ ትወስኛለሽ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ስንት ታመጫለሽ? እሱን ቃል አልገባልሽም። "በ10 ቀን ከ90 በላይ" ብሎ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ይግባልሽ። ለአፕቲትዩድ በቀን ግማሽ ሰዓት ስጪው፣ የቀረውን ለሂሳብና ለባዮሎጂው። ይሄ ልምምድ ግን ለዚህ ፈተና ብቻ አይደለም። ዲግሪ ይዞ ማስተርስ ለሚያመለክተውም፣ ሥራ ፍለጋ ለሚፈተነውም ብዙ ጊዜ የሚመጡበት እነዚሁ ጥያቄዎች ናቸው።

ለሌሎቻችሁም የቤት ሥራ አለኝ። "አንዳንድ ሹፌሮች ዘፋኞች ናቸው። ሁሉም ዘፋኞች ሻይ ይወዳሉ።" ከዚህ ተነስቶ በእርግጠኝነት ትክክል የሆነው የትኛው ነው?

ሀ. ሻይ የማይወድ ሹፌር አለ።
ለ. ሻይ የሚወድ ሁሉ ዘፋኝ ነው።
ሐ. ቢያንስ አንድ ሹፌር ሻይ ይወዳል።
መ. ሹፌር ያልሆነ ዘፋኝ አለ።

መልሱን ከነምክንያቱ ላኩልኝ፤ ሦስቱ ለምን እንደወደቁም ጭምር። ፊደሏን ብቻ ጽፋችሁ የምትልኩ አላነባችሁም። ደህና ሰንብቱ!