ለሁለት ጌታ የሚያድር ጸሓፊ

በሶዶ ገበያ ዝንጅብል የሚገዛ ነጋዴ ሀብቱ በመጋዘኑ ያለው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ሊገዛበት የቈረጠው ዋጋና የደንበኞቹ ስም ጭምር ነው። ጸሓፊው ይህን ለተወዳዳሪ በስልክ ቢያቀብል፥ ጌታው ገበያ ሳይደርስ ዋጋው ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል፤ የተዋዋለውን ለማስረከብም በኪሳራ ይገዛል።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813 የሌላውን መረጃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ፥ ከመልካም የንግድ አሠራር ውጭ፥ መግለጥን ብቻ ሳይሆን መያዝንና መጠቀምንም ከልክሏል። እንግዲህ ጥፋቱ የሻጩ ብቻ ሳይሆን የገዢውም ነው።

የሰውን ጸሓፊ በገንዘብ የሚያባብል ነጋዴ፥ የማባበያውን ሒሳብ የሚመዘግበው የራሱ ጸሓፊ መሆኑን አይርሳ፤ እርሱም ምስጢር ዋጋ እንዳለው ይማራል። ስለዚህ ምስጢሩ እንዲጠበቅለት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ የሌላውን ምስጢር ከመግዛት ይታቀብ፤ ምስጢሩን ለያዘለት ሠራተኛም የሚበቃውን ደመወዝ ይክፈል።