በገሊላ ባሕር ዳር ስለ ተገኘው የዱር ገብስ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ዓመት የገሊላ ባሕር ውሃው ቢጎድል፥ ኦሃሎ በሚባለው ዳርቻ የጥንት ሰዎች ጎጆ ፍርስራሽ ተገለጠ። ዕድሜው 23,000 ዓመት ያህል ነው። ኑሮአቸው ዓሣ በማጥመድ፥ አውሬ በማደንና የዱር ፍሬ በመልቀም ነበር፤ እርሻ በዓለም ገና አልጸናም ነበር። በጎጆአቸውም ከ140 የሚበልጥ ዓይነት የእጽዋት ዘርና ፍሬ ተገኘ። ከዚያ ውስጥ የዱር ገብስና የዱር ስንዴ፥ እህል የሚፈጭበትም ድንጋይ አለ።

ገብስ ኑሮው የሆነ የመንዝ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለው ይሆናል። ሊታሰብበት የሚገባው ግን ገብሱ ብቻ ሳይሆን የቀረው ሁሉ ነው፤ እነዚያ ሰዎች አንዱ ቢታጣ በሌላው ለማደር ይችሉ ነበርና።

በመንዝና በግሼ በልግ ሲቀር ሳማ ቀቅሎ የበላ፥ በመርሐቤቴ ቆላም ቁርቁራና ሾላ ለቅሞ ልጆቹን ያሳደረ ሰው ጥቂት አይደለም። ይህንንም ሲናገር ያፍራል፤ ሹሙም የአዝመራውን ልክ ሲያስጽፍ ከቁጥር አያገባውም። ስለዚህ የገደሉ አፋፍ እንደ ጠፍ መሬት ተቆጥሮ ለባሕር ዛፍ ሲመነጠር፥ የክፉ ቀን ጎተራ እንደ ፈረሰ የሚያስተውል የለም። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ መልካም ነው፤ ሆኖም አይበላም።

እንግዲህ የወረዳ ሹምና ባለ መሬት ቁጥቋጦውን ከማስመንጠራቸው በፊት፥ በዚያ ስፍራ የሚበላው ቅጠል፥ ሥርና ፍሬ ምን እንደ ሆነ፥ በየትኛውም ወር እንደሚደርስ፥ እንዴትም ተቀቅሎ እንደሚበላ ማስጻፍ ይገባቸዋል። የሚጠየቁትም አሮጊቶችና እረኞች ናቸው፤ ጸሐፊው ይህን አያውቅምና። በልግ በቀረበት ዓመት ጎተራ የሚራቆተው በክረምት ስለ ሆነ፥ በክረምት የሚደርሰው ቅጠል ከሁሉ አስቀድሞ ይጻፍ።