ካላንደር ነው ብለው የጣሉት

ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣ አንድ ዘመዴ «ሥዕል ትወድ የለ» ብሎ ከሻንጣው ውስጥ እንደ ድንጋይ የሚከብድ መጽሐፍ አውጥቶ ሰጠኝ። ቻርልስ ማርቲኔትና ሉዊስ ማይዝል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሰብሳቢዎች በ1996 ያሳተሙት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ውስጡ «ፒን አፕ» በሚባሉ ሥዕሎች የተሞላ ነው፤ ግድግዳ ላይ በስፒል እንዲሰኩ ታስበው ለካላንደርና ለመጽሔት በተሣሉ፣ ቀሚሳቸውን ነፋስ በገለበው ሳቂታ ሴቶች።

መጽሐፉን ይዤ ከወዳጆቼ ጋር ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ከመካከላቸው አንዱ የተማረ ሠዓሊ ነው። ሁለት ገጽ ገለጠና ዘጋው። «ይኼ ሥዕል አይደለም፤ ካላንደር ነው። ገንዘብ ሰጥተው ያሠሩት ነገር ጥበብ አይባልም። ይኼን የሚሰበስብ ሰው ደግሞ ወይ ባለጌ ነው ወይ ነጋዴ» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን በሳቄ አፈርኩ። ያፈርኩበትን ምክንያት ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ለወዳጄ መልስ ልስጠው።

ለመሆኑ ሳይታዘዝ የተሣለ ሥዕል ስንት ነው? ወደ ጥንት አብያተ ክርስቲያናታችን ግቡና ግድግዳውን እዩ። ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍቶ የሚታየው ባለካባ ሰው ማን ነው? ሥዕሉን ያሠራው፣ ለሠዓሊው ቀለብ የሰፈረለት ጌታ ነው። በአፍሪካ አዳራሽ ያሉት የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስተዋቶችም ለዚያ ሕንፃ ታዝዘው የተሠሩ ናቸው። ከፊታቸው ቆሞ «ትእዛዝ ነውና ጥበብ አይደለም» ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ታዲያ ትእዛዙ ከጌታና ከመንግሥት ሲመጣ ክብር፣ ከካላንደር ነጋዴ ሲመጣ ነውር የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

የወዳጄ ሕግ የራሱ እንኳ አይደለም። ክሌመንት ግሪንበርግ የተባለ የኒውዮርክ ሐያሲ በ1939 ባወጣው መጣጥፍ የመጽሔት ሽፋንን፣ የማስታወቂያ ሥዕልንና የሆሊውድን ፊልም «ኪች» ብሎ በአንድ ቅርጫት ከተታቸው፤ ከእውነተኛው ጥበብም ለያቸው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ የተማረ ሰው ቃሉን እንደ ዳዊት ደገመው። ይሁንና ያው ኒውዮርክ የመጽሔት ሽፋን ሠዓሊውን የኖርማን ሮክዌልን ሥራዎች በ2001 በጉገንሃይም ሙዚየም ሰቅሎ አሳየ። ባለቤቶቹ አውልቀው የጣሉትን ንቀት እኛ እንደ ሰልባጅ ገዝተን ለብሰነዋል።

ወደ ሥዕሎቹ ልመለስ። ብራውን ኤንድ ቢግሎው በ1896 በሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ የተቋቋመ የካላንደር ኩባንያ ነው። ካላንደሩን የሚገዙት ንግድ ቤቶች ነበሩ፤ ከሥዕሉ ሥር የጋራዡ ወይም የሱቁ ስም ይታተምና ለደንበኛ በነፃ ይታደላል። ለዚህ ኩባንያ ለረጅም ዓመታት ከሠሩት ታዋቂ ሠዓሊዎች አንዱ ጊል ኤልቭግረን (1914–1980) ነው። ሞዴሏን መጀመሪያ ፎቶግራፍ ያነሣታል፤ ከዚያ በ30 በ24 ኢንች ሸራ ላይ በዘይት ቀለም ይሥላታል። ካላንደሩ የዚያ ሸራ ጥላ ነው። ካላንደሩን በማጉያ መነጽር ብታዩት የምታገኙት የአራት ቀለማት ነጠብጣብ ነው። ሸራው ላይ ግን ብሩሹ የሄደበት መንገድ፣ የቀለሙ ውፍረት፣ ሠዓሊው አስቦ ያረመው ነገር ይታያል። ሰብሳቢው የሚያሳድደው ይህን እንጂ የሴቲቱን ጭን ብቻ አይደለም።

አሳታሚዎቹስ ሸራውን ምን አደረጉት? ለእነርሱ ሥዕሉ ከታተመ በኋላ ያለቀለት ዕቃ ነበር። አንዳንዱ መጋዘን ገባ፤ አንዳንዱ ለሠራተኛና ለደንበኛ ተሰጠ፤ አንዳንዱ ተጣለ። ሠዓሊውም ከዚህ ብዙ የተሻለ ክብር አልነበረውም። ፔሩ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው አልቤርቶ ቫርጋስ ከ1940 ጀምሮ ለኤስኳየር መጽሔት ሲሥል «ቫርጋ» ተብሎ ይታወቅ ነበር። ከመጽሔቱ ጋር ተጣልቶ ፍርድ ቤት ሲካሰሱ ያ ስም ለመጽሔቱ ተፈረደ። ሰውዬው የገዛ ስሙን ተቀምቶ ወጣ።

እንግዲህ የተረፈውን ከአቧራ ያነሣው ማን ነው? በአብዛኛው ሙዚየም አይደለም። ወዳጄ «ወይ ባለጌ ወይ ነጋዴ» ያላቸው ሰብሳቢዎች ናቸው። መጽሐፉን ካዘጋጁት አንዱ፣ ማርቲኔት፣ በ2008 ሲሞት ከአራት ሺህ በላይ ሥራዎች ትቶ ሄደ። ዛሬ ገበያው ሌላ ነው። ኤልቭግረን በ1947 የሣለው አንድ ሸራ በ2011 በጨረታ 286,800 ዶላር አወጣ። የሮክዌል የ1951 የመጽሔት ሽፋን ደግሞ በ2013 በ46 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

እዚህ ላይ ግን ከሰብሳቢዎቹም ጋር ጠብ አለኝ። «ይኸው ሚሊዮን አወጣ፤ ስለዚህ ጥበብ ነው» የሚል ሰብሳቢ የወዳጄ መንትያ ነው። አንዱ የከፈለውን ሰው አይቶ ይንቃል፤ ሌላው የከፈለውን ሰው አይቶ ይሰግዳል። ሥዕሉን ያየ ከሁለቱ አንድም የለም።

ሥዕል ደግሞ መታየት ያለበት ዋናው ነው። ዶን ትራክቲ የተባለ የካርቱን ሠዓሊ በ1960 አንድ የሮክዌል ሥዕል በ900 ዶላር ገዛ። ኮሌጅ የሚሄድ ልጁን ሊሸኝ አሮጌ መኪና መርገጫ ላይ የተቀመጠ አባት የተሣለበት ነው። ትራክቲ ከሚስቱ ጋር በተፋታበት ዘመን ገደማ ሥዕሉን አስመስሎ ሣለና ዋናውን ቤቱ ውስጥ በሠራው የውሸት ግድግዳ ጀርባ ሸሸገው። ቅጂው በሮክዌል ሙዚየም ሳይቀር ተሰቀለ። ከታተመው ሽፋን ጋር አልገጥም ሲላቸው ባለሙያዎቹ «በጥገና ተለውጦ ይሆናል» አሉ። ትራክቲ ከሞተ በኋላ፣ በ2006፣ ልጆቹ ግድግዳውን ከፍተው ዋናውን አገኙት፤ በዚያው ዓመት 15.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሽፋኑን በየቤቱ ሰው ያውቀዋል፤ ሥዕሉን የሚያውቅ ግን በሙዚየሙም ጠፍቶ ነበር። ዋናው በሌለበት ስለ ሠዓሊ እጅ የሚሰጥ ፍርድ፣ ምስጋናም ሆነ ስድብ፣ ባዶ ነው።

«ሴቶቹስ?» የምትለኝ አንባቢ ትኖራለች። ልክ ነሽ እህቴ፤ ይህን ጥያቄ ማለፍ አይገባም። በኤልቭግረን ሥዕሎች ቀሚሱ በአጥር ይያዛል፣ በውሻ ማሰሪያ ይጠለፋል፣ በነፋስ ይገለባል። ሁልጊዜ አደጋ ነው፤ ሁልጊዜ አጥፊ የለም። ተመልካቹ ወንድ ሳያስበው አየ እንጂ ሊያይ አልመጣም። ትልቁ ሐሰት ይህ ነው። እርግጥ ነው፣ ከሠዓሊዎቹ መካከል ሴቶች ነበሩ፤ ዞዪ ሞዘርት ራሷን በመስተዋት እያየች ሞዴልም ሠዓሊም ሆና ትሠራ ነበር። ይህ ግን ሐሰቱን አያጥበውም። ጥቁር ሴት ደግሞ በእነዚያ ካላንደሮች ውስጥ የለችም ማለት ይቻላል። ሮክዌል ራሱ ለሳተርዴይ ኢቪኒንግ ፖስት ሲሥል ጥቁሮችን በአገልጋይነት ሥራ ላይ ካልሆነ በቀር እንዳያሳይ ታዝዞ እንደነበር ኋላ ተናግሯል። በ1963 ከዚያ መጽሔት ተለየ፤ በ1964 ሉክ በተባለ ሌላ መጽሔት ላይ በመንግሥት ጠባቂዎች ታጅባ ትምህርት ቤት የምትሄደውን ትንሿን ጥቁር ልጅ ሣለ። መጽሔት የሸሸገውን መጽሔት አወጣው። ያው ሠዓሊ፣ ያው ሙያ።

እኔ እነዚህ ሥዕሎች ይጠበቁ የምለው ንጹሕ ስለሆኑ አይደለም። የአንድ አገር የእጅ ጥበብና የአንድ አገር ሐሰት በአንድ ሸራ ላይ ስለተቀመጡ ነው። ሸራው ሲጣል ጥበቡ ብቻ አይጠፋም፤ ምስክሩም ይጠፋል።

አሁን ያፈርኩበትን ልናገር። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ስሠራ የአጭር ልቦለድ ዓምድ አዘጋጅ ነበርኩ። አንድ ጎልማሳ ሠዓሊ በየሳምንቱ ለልቦለዱ በጥቁር ቀለም ይሥልልን ነበር። ጋዜጣው ከወጣ በኋላ ሥዕሉ ጠረጴዛዬ ላይ ይቀራል። የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥኩበት። በጀርባው ስልክ ቁጥር ጻፍኩበት። ሳምቡሳም ጠቅልዬበት አውቃለሁ። ጋዜጣው ሊዘጋ ሰሞን ሰውዬው መጣ። «የኔ ወንድም፣ ሥዕሎቼ ይኖሩ ይሆን? ልጄ ሥዕል ጀምራለች፤ ላሳያት ብዬ ነው» አለኝ። ከሁለት ዓመት ሥራው ያገኘሁለት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም መካከሉ ላይ ክብ የሻይ ምልክት ያረፈበት። አመስግኖኝ ወሰደ። ማመስገኑ ነው የገደለኝ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ እኔ ከሴንት ፖሉ ካላንደር ኩባንያ በምን እሻላለሁ? እሱስ ቢያንስ አንዳንዱን መጋዘን አስገብቷል። እስቲ አሳታሚዎችና አዘጋጆች ሆይ፣ ያሠራችኋቸው የመጽሐፍ ሽፋኖች ዋናቸው ዛሬ የት ነው? ነገ አንድ ልጅ ስለ ዘመናችን የሽፋን ሠዓሊዎች ልጽፍ ቢል ምን ታሳዩታላችሁ?

ለወዳጄም አንድ ነገር ቀርቶኛል። እሱም ኪራይ ሲደርስበት የመጽሐፍ ሽፋን ይሥላል፤ ስሙን ግን አይፈርምበትም። ባለፈው ሳምንት ዋናዎቹ የት እንዳሉ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና «ማተሚያ ቤት ይሆኑ ይሆናል፤ ማን ያውቃል» አለኝ።

ሰኞ ልሄድ ነው። ያልተጣለ ካገኘሁ ገዝቼ አስቀምጥለታለሁ። ወይ ባለጌ ይበለኝ፣ ወይ ነጋዴ።