ቢራ በጉልበቱ አይዳኝም

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ፍርድ ነው። ስለ ቢራ ፍርድ። ሳቁ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ቤልጂየም የሚኖር አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ቤቱ ውስጥ ቢራ መጥመቅ ከጀመረ አራት ዓመት ሆኖታል። የቤልጂየም ዓይነት ጠንካራ ጥቁር ኤል ጠምቆ የቤት ጠማቂዎች ውድድር ላይ አስገባና ከ50 26 አገኘ። የዳኞቹን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። "ቀለሙ በቂ ጥቁር አይደለም። አልኮሉ አይሰማም። ጉልበት ይጎድለዋል" ይላል። ልጁ "ቲቸር፣ ምን ልጨምርበት?" አለኝ። የተቆላ ብቅልና ተጨማሪ ስኳር ሊገዛ ተነስቷል።

ምንም እንዳትጨምር! አልኩት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ንዴቱ አልለቀቀኝም።

ባልቀምሰው ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር። ለጥምቀት አገር ቤት ሲመጣ ከዚያው ጥንስስ ሁለት ጠርሙስ ይዞልኝ ነበር። ሽታው ዘቢብና ቴምር፣ ከኋላው ትንሽ ቅርንፉድ ነው። አፍ ላይ ጣፋጭ ሆኖ ይጀምርና ደረቅ ብሎ ያልቃል፤ ሁለተኛ ጉንጭ ያስመኛል። ጉድለትም አለው፣ አረፋው ቶሎ ይከስማል። የሚገርመው ይቺን እውነተኛ ጉድለት ማንም አልጻፈለትም።

አሁን "አልኮሉ አይሰማም" ወደሚለው እንምጣ። ይሄ እንዴት ጥፋት ተብሎ ይጻፋል? ዘጠኝና አስር ከመቶ አልኮል ይዞ ጉሮሮ የማያቃጥል ቢራ መሥራት እኮ የሙያው ትልቁ ፈተና ነው። አልኮሉን ከፍ ማድረግማ ማንም ይችላል። ስኳር ትጨምራለህ፣ እርሾው ይበላዋል፣ አለቀ። ከባዱ እርሾውን ሳያስጨንቁ መጥመቅ ነው። እርሾው ትንሽ ሆኖ ሥራ ሲበዛበት፣ ወይም ገና ከመጀመሪያው ሙቀቱ ሲያይልበት፣ የሚያቃጥሉ ከባድ አልኮሎችና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ኢስተር ያመርታል። አፍንጫ የሚወጋው ያ ነው። ብዙ ሰው ይህንን "ጉልበት" ይለዋል። ጉልበት አይደለም፣ ስህተት ነው።

"በቂ ጥቁር አይደለም" የሚለውስ? ብዙ ውድድሮች የሚመሩበት የቢጄሲፒ መመሪያ ለዚህ ዓይነት ቢራ ከ8 እስከ 12 ከመቶ አልኮል ይፈቅዳል። ስለ ቀለሙ ሲናገር ደግሞ "ጥቁር" የተባለው ከወርቃማው ይበልጥ የጠቆረ ለማለት ነው ብሎ በግልጽ ያስቀምጣል። ሲጠቁር ቡናማ፣ ብርሃን ላይ ሲያዩት ቀላ የሚል ነው እንጂ ከሰል አይደለም። ቀለሙና የዘቢብ ጣዕሙ በአብዛኛው የሚመጡት ከጥቁር የካንዲ ስኳር ሽሮፕ፣ ከብቅሉና ከእርሾው ነው። እንደ ስታውት ከተቃጠለ ገብስ አይደለም። ልጁ ዳኞቹን ሰምቶ የተቆላ ብቅል ቢጨምርበት የሚያገኘው ሌላ ቢራ ነው።

በዚያ ላይ ሒሳቡን ተመልከቱ። በዚያ መመሪያ ከ50ው ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ግምት 10 ነው። መልክ ሦስት ብቻ! ሙሉ በሙሉ ዜሮ ቢሰጡት እንኳ 47 ይቀራል። 26 ላይ የደረሱት ዓይናቸው የምላሳቸውን ሥራ ስለወሰደ ነው።

እኛ ግን ከዳኞቹ እንሻላለን? አንሻልም። ጠርሙስ ሲቀርብልን የመጀመሪያው ጥያቄያችን "ስንት ፐርሰንት ነው?" ነው። ከዚያ ቁጥር እንቆጥራለን። የሮሽፎር ገዳም 10 ቁጥር 11.3 ከመቶ አልኮል አለው። የዌስትፍሌተረን 12 ቁጥር ደግሞ 10.2። ትንሿ ቁጥር በለጠች ማለት ነው። ሰማያዊው ሺሜ 9 ነው፤ በዚህ ምክንያት "ያንሳል" የሚል ሰው ቢራውን አልቀመሰም።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት ሦስት ጥቁር ቢራዎችን በጋዜጣ ጠቅልለን ቀመስን። አንዱን ገዳሙ ድረስ ሄጄ፣ ተራ ጠብቄ፣ በሻንጣ ልብስ ጠቅልዬ ያመጣሁት ነበር፤ ለሰው ሁሉ "በዓለም አንደኛ" እያልኩ የማወራለት። ጋዜጣው ሲገለጥ ሦስተኛ ያልኩት እሱን ሆኖ ተገኘ። በጣም አፈርኩ። ቢራው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ ለዓመታት የቀመስኩት ድካሜን ስለነበረ ነው።

"ጣዕም የግል ነው፣ ማን ዳኛ አደረገህ?" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መውደድ የግል ነው፣ እስማማለሁ። ጣፋጭ ቢራ የሚወድ ይውደድ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ግን የግል አይደለም፤ ያረጀ ቢራ እርጥብ ካርቶን ሲሸትም የግል አይደለም። ዳኝነት የሚጀምረው "ደስ አለኝ" እና "ይህ አለበት" የሚሉትን ስትለያቸው ነው።

ስለዚህ ለመቅመስ ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ። ከፍሪጅ አውጥታችሁ ወዲያው አትክፈቱት፤ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ይድረስ፣ በረዶ የሆነ ቢራ አይሸትም። አፉ ሰፋ ያለ፣ እግር ያለው ብርጭቆ ያዙ። ሲቀዳ አተላው ከታች ይቅር። ጉሹን የሚወድ በመጨረሻ ለብቻው ይቅመሰው። መጀመሪያ አሽትቱ፣ ያሸተታችሁትን ጻፉ፣ ከዚያ በትንሹ ተጎንጩ። ፍርዱን ብርጭቆው ሊያልቅ ሲል ስጡ። የመጀመሪያው ጉንጭ ሁልጊዜ ያታልላል።

ደግሞም በልኩ። 11.3 ከመቶ የሆነ አንድ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወደ 29 ግራም ንጹሕ አልኮል አለው። 5 ከመቶ የሆነው ተራ ቢራ 13 ግራም ገደማ ነው። አንዱ ከሁለት ይበልጣል። "ጉልበት" ፍለጋ ሦስተኛውን የከፈተ ሰው ዳኛነቱ አብቅቷል፤ መኪናም አይንዳ።

የኬሚስትሪ ልጆቼ ታስታውሳላችሁ፤ ላብራቶሪ ውስጥ የጠበቃችሁትን ሳይሆን ያያችሁትን ጻፉ እላችሁ ነበር። ቀለሙ ይቀየራል ተብሎ መጽሐፉ ላይ ስለተጻፈ ብቻ "ተቀየረ" ብሎ የጻፈ ዜሮ ያገኝ ነበር። እነዚያ ዳኞች የጻፉት የጠበቁትን ነው። የጠበቁት ስላልመጣ ቀጡት። የተቀጣው ደግሞ በትክክል የሠራው ልጅ ነው። እሱ አምኗቸው ቢራውን ቢያበላሽ ማን ይጠየቃል?

አሁን ተስማምተናል። አረፋውን ያስተካክላል፣ ሌላውን አይነካም፣ ለሚቀጥለው ውድድር ያስገባዋል። እንደገና 26 ቢሰጡትም ይስጡት።

አስተያየት ጻፉልኝ። "ስንት ፐርሰንት ነው?" ብሎ የሚጠይቀኝ ግን አልመልስለትም።